እልልታው ትንሽ ይቆይ

ጎንደር ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከማዋለጃ ክፍሉ በር የምትጠብቅ አያት ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «ክርስትናው በ40 ነው በ80?» ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ነዋ።

አንዳንዴ ግን የሕፃኑ ብልት የወንድ ይሁን የሴት በግልጽ ስለማይለይ አይቶ መመለስ አይቻልም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ያለ ሕፃን ተቀብዬ፣ ተጣድፌ «ወንድ» ብዬ መዘገብኩ። በ10ኛው ቀን እናትየዋ ተመልሳ መጣች። ሕፃኑ ያስመልሳል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ጡት መሳብ አቅቶታል። ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን በበቂ የማያመርትበት ሕመም ነበር፤ ሰውነት ጨው ያልቅበታል። ያ «ወንድ» ያልኩት ልጅ ማህፀን ነበራት። እግዜር ይመስገን፣ ተረፈች። ቤት ግን 40ው እየተቆጠረ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወሬውን ከእናትየዋ እጀምራለሁ። እናንተም አዋላጆች «እንኳን ማርያም ማረቻት» በሉ። አማርኛችን «ተወለደ» ስትሉ እንኳ ወንድ ያደርገዋል፤ የእናት ምሥራች ግን ይህ ችግር የለበትም። ቀጥላችሁ፦ «እማማ፣ የሁለቱንም ጤና እናስቀድም። ሴት ወንዱን በምርመራ እንነግርዎታለን።»

ቅጹ ላይ ገምታችሁ አትሙሉ። ያያችሁትን ጻፉ፦ ሽንት በየት ይወጣል? ቆለጥ በእጅ ይዳሰሳል? ሁለቱም ቆለጦች ካልተዳሰሱ ለነገ አታሳድሩ። የደም ጨውና ፖታሲየም ይታይ፣ አልትራሳውንድ ይነሳ።

ወጣቶቹ ነርሶች «ሲወለድ የተመደበ ፆታ» የሚባለው ከየት መጣ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ባልቲሞር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን መኒና ባልደረቦቹ ፆታቸው በግልጽ ያልታወቀ ልጆችን በተመለከተ ሲጽፉ ሐኪም የወሰነውን እንዲህ ይሉት ነበር። ኋላ ለሁሉም ሰው፣ ሲወለዱ የተባሉት ፆታ የእኔ አይደለም ለሚሉ ትራንስጀንደሮችም ማውሪያ ሆነ። እኔ «የተመዘገበ» እላለሁ፤ ምደባ ሲባል ለኛ ሰው ትዝ የሚለው የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። «የተመዘገበ» ግን ያየ ዓይንና የጻፈ እጅ እንዳለ ይነግራል። ያ እጅ ደግሞ እንደኔ ሊሳሳት ይችላል። ፆታ ራሱ በግእዝ ወገን፣ ክፍል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ካህናትን፣ ወንዶችንና ሴቶችን ሦስቱ ፆታ ምእመናን ትላለች።

«ፍናፍንት» የሚለውን ቃል እናት አጠገብ አታንሱት። ስድብ ሆኖ ነው የምትሰማው፣ ስትሰማው ደግሞ ሕፃኑን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አይቻለሁ።

ውጤቱ እስኪደርስ ቤተሰቡ ስም ካላወጣን ካለ «ደስታ» በሏቸው። ለሴትም ለወንድም ይሆናል።