መድኃኒት እየዋጡ አልወርድ የሚል ደም ግፊት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

«ሲስተር፣ መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰድኩ ግፊቴ አልወርድ አለኝ።» በክትትል ክፍል በሠራሁባቸው አሥራ ሦስት ዓመታት ይህን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት አቤቱታ የለም። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ክኒን መጨመር አይደለም። ከዚያ በፊት የሚፈተሹ ነገሮች አሉ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ግፊት እንደሚባል፣ በእግር መሄድም እንደሚጠቅም ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ሰውየው ግን ምንም አልተሰማውም

አለመሰማቱ የደህንነት ማረጋገጫ አይደለም። ግፊት ኩላሊትንና አንጎልን ለዓመታት ሲጎዳ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ቢሆንም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ልኬቱ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከታክሲ ወርደው ዳገቱን ወጡና፣ ወረፋው እንዳያልፋቸው ሽንታቸውን ይዘው፣ ሳያርፉ ገቡ። የሹራባቸውን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስበው ክንዳቸውን ሰጡኝ፤ እጅጌው ክንዳቸውን እንደ ገመድ አንቆታል። 172/98 ሆነ። ሽንት ቤት ደርሰው፣ ሹራቡን አውልቀው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት አስነክተው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ተቀመጡ። በሁለተኛው ልኬት 146/88 አገኘሁ። በመጀመሪያው ቁጥር ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ይጨመርላቸው ነበር፤ ከዚያም ቤታቸው ብድግ ሲሉ አዙሯቸው ይወድቁ ነበር።

የሞላ ፊኛ፣ እየተለኩ ማውራት፣ ክንድን ከልብ ትይዩ ሳያደርጉ አንጠልጥሎ መለካት፣ እያንዳንዳቸው የላይኛውን ቁጥር በ10 ገደማ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በአንድ ልኬት አትደንግጡ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድገሙት።

ስለ መለኪያው ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ሰዓት የሚመስለው መለኪያ አየር ሳይነፋበት መርፌው ዜሮ ላይ ማረፍ አለበት። አሥር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ መርፌ ያለው መለኪያ ይዘው «ትንሽ ነው የሚያዛባው» የሚሉኝ ባለሙያዎች ገጥመውኛል። በዚያ መለኪያ ስንት ሰው መድኃኒት እንደተጨመረበት ማን ያውቃል? አስተካክሉት፤ ካልሆነም ከአገልግሎት አውጡት። ጎማው የተሰነጠቀ፣ ማጣበቂያው የላላ፣ አየሩን መቆጣጠር የማይችልም እንዲሁ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ከተጠመጠመ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይሆናል፤ በጨርቁ ውስጥ ያለው ጎማ የክንዱን ዙሪያ ሰማንያ በመቶ ያህል መክበብ አለበት። ዘመድ ከውጭ የሚልከው የእጅ አንጓ መለኪያ እጁ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ቁጥር የተለየ ነገር ያነባል። ምርጫ ካላችሁ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ። የገዛችሁትንም ለቀጠሮ ስትመጡ ይዛችሁት ኑና ከእኛው ጋር እናስተያየው።

ልኬቱ ትክክል ነው፣ መድኃኒቱም ታዟል፤ ግፊቱ ግን እንደነበረ ነው

በየቀኑ የማየው ይህን ነው። ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው መንስኤም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ አለመኖሩ ነው። «ይወስዳሉ?» ብዬ ስጠይቅ አልወስድም ያለኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ አጠያየቄን ቀየርኩ። አሁን «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጥዎት?» እላለሁ። ያኔ ሰው ፊቱ ይፈታል። «ሁለት ቀን፣ ኧረ ሦስት ቀን ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

አንድ አባት በሦስት ወር ክትትል 128/80 ደረሱልን። ደስ ብሏቸው መርቀውን ሄዱ። ከዚያ ጠፉ። ከስምንት ወር በኋላ ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ አመጣቸው። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተቀምጧል፤ ሊያናግሩኝ ሲሞክሩ ቃሉ ከአፋቸው ጥግ ይፈሳል። ልጁ አንድ ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። ያልተከፈቱ ሰባት የክኒን ማሸጊያዎች ነበሩ። «ድኛለሁ ብሎ ነው የተወው» አለኝ። ያ 128/80 የክኒኑ ቁጥር ነበር፤ እሳቸው የራሳቸው መስሏቸው ነበር።

ይህ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። አንቲባዮቲክ ተህዋሲያኑን ጨርሶ ይበቃዋል። የግፊት መድኃኒት ግን እንደዚያ አይደለም። የጠበበውን የደም ሥር ያላላል፣ ትርፍ ጨውና ውኃ በሽንት ያስወጣል፣ ወይም የልብን ጥድፊያ ያረጋጋል፤ ይህንንም የሚያደርገው በሰውነት ውስጥ እስካለ ብቻ ነው። ደግሞም አታላይ ነገር አለው፦ አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ክኒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የተወ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱን ቢለካ ያን ያህል ለውጥ ላያይ ይችላል። «ትቼው ምንም አልሆንኩም» የሚለው ወሬ ለጎረቤት የሚዳረሰው በእነዚያ ቀናት ነው። ቁጥሩ ቀስ ብሎ ሲመለስ የሚነግረው አካል የለም። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉትን የልብን ጥድፊያ የሚያረጋጉ ክኒኖች ደግሞ በድንገት ማቆም ልብን ክፉኛ ሊያስደነግጥ፣ የልብ ሕመም ላለበትም ለድንገተኛ አደጋ ሊያበቃ ይችላል። በራሳችሁ አታቁሙ።

«ሰውነቴ እንዳይለምደው ብዬ እያረፍኩ ነው የምወስደው» የሚሉም አሉ። ይህ ሱስ አይደለም። ማረፍ የሚባል ነገር የለውም።

በዓቢይ ጾም ወራት የክትትል ክፍላችን ቁጥሮች ከፍ ከፍ ይላሉ። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናቶች የጠዋቱን ክኒን ይዘሉታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ይረሱታል። በረመዳንም ተመሳሳይ ነው። ለጾሙ አክብሮት አለኝ፤ እኔም እጾማለሁ። መፍትሄው ቀላል ነው፦ በቀን አንዴ የሚወሰዱ አብዛኞቹ የግፊት ክኒኖች ሰዓታቸው ወደ ማታ ሊዞር ስለሚችል ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ። የንስሐ አባትም ይጠየቁ፤ ሕመምተኛን መድኃኒት የከለከለ የንስሐ አባት እስካሁን አልገጠመኝም። ጸበልም ከክኒን ጋር አይጣላም። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ።

ሌላው የማቋረጫ ምክንያት ሰው አፍሮ የማይናገረው ነው። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ክኒን በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ አንዲት ወጣት አስተማሪ ክፍል ውስጥ እያሳላት መድኃኒቱን ጥላ አራት ወር ቆየች። የሚያሸናው ክኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ቤት ስለሚያመላልስ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ይተወዋል። በወንዶች በኩል ደግሞ በትዳር አልጋ ላይ ድክመት ሲሰማቸው ለማንም ሳይናገሩ የሚተዉ አሉ። ንገሩን። የምንቀይርበት ሌላ መድኃኒት አለ፤ እኛ የምንቀይረው ግን የምናውቀውን ችግር ብቻ ነው።

ክኒኑን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። አንዲት ታካሚዬ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠውታል፤ የጠዋቱ ጀበና ሳይጣድ አይውሉምና ክኒኑም አያመልጣቸውም። መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ፤ ባለቀ ማግስት አይደለም። ገበያ ላይ ሲጠፋም ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ የጎረቤት ክኒን አትዋሱ። ለእሷ የሚስማማው ለእናንተ ኩላሊት ላይስማማ ይችላል።

መድኃኒቱ በየቀኑ ይወሰዳል፤ የሚያፈርሰው ግን ሌላ ነገር አለ

ከዚህ ጎራ ዋናው ዳይክሎፌናክ ነው። ጉልበት ያመዋል፣ ወገብ ያመዋል፣ መድኃኒት ቤት ሄዶ ያለ ማዘዣ ይገዛል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ጨውና ውኃ ያስቀራሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ የኢናላፕሪልንና የሚያሸኑ ክኒኖችን ሥራ ያዳክማሉ። ሦስቱ ማለትም ኢናላፕሪል፣ የሚያሸናውና ዳይክሎፌናክ ሲገናኙ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙት ይችላሉ። ከሦስት መድኃኒት በላይ ታዞላቸው ከ160 አልወርድ ያላቸውን አንድ ጡረተኛ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው የለም አሉ። «ለጉልበትዎስ?» ስላቸው ከኮታቸው ኪስ አወጡት። እሳቸው መድኃኒት ብለው አልቆጠሩትም፤ ማስታገሻ ነው ለእሳቸው። ካቆሙ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት 138 ገቡ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም በመጠኑ።

ጨው ቀጥሎ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። «ጨው አልበላም» የሚሉኝ ሰዎች ወጥ ላይ የሚነሰነሰውን ብቻ ነው የሚቆጥሩት። ሽሮው ሲዘጋጅ የገባውን፣ በርበሬው ውስጥ ያለውን፣ አዋዜውን፣ የሾርባውን ማጣፈጫ፣ ቡናቸውን በጨው የሚጠጡም ስኒውን ይረሱታል።

ጫት ግፊትን ይጨምራል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል። መጠጥም ይጨምራል። የጉንፋን ክኒን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንም ግፊት ሊጨምሩ ስለሚችሉ ይጠየቁ። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ብሉ፤ በክኒኑ ቦታ ግን አትተኳቸው።

እግር ማበጥ

አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ ቢያብጥ ብዙ ጊዜ ከክኒኑ ነው፤ በሚያሸና ክኒንም እምብዛም አይጎድልም። መጠኑን መቀነስ ወይም መቀየር ነው የሚፈታው። አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውንና ከእኛ የወሰዱትን አብረው ሲውጡ ከርመው እግራቸው አብጦ፣ እያዞራቸው መጡ። የሁለቱ ካርቶን ቀለም ይለያያል፤ ውስጡ ግን ሁለቱም አምሎዲፒን ነበር። በካርቶኑ ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና ስም አንብቡ ወይም አስነብቡ።

እብጠቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ጠፍጣፋ ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው፣ ትራስ ከተደራረበ፣ ሌሊት አፍኖ ካነቃው የልብ ድካም ይጠረጠራል፤ ቀጠሮ አይጠበቅለትም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል አትሹት፤ በዚያው ቀን ይታይ።

ዳገት ሲወጣ የሚያለከልክ ወጣት

ግፊት ሳይኖረው ልቡ የሚመታበት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ በአገራችን ሲመጣ የልቡ በሮች መታየት አለባቸው። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የቁርጥማት ትኩሳት አስከትሎ በሮቹን ያጠባል ወይም በደንብ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁት ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። እንጥል ማስቆረጥ ጉሮሮን አያክምም፤ ደም ያፈሳል፣ ለሌላ ኢንፌክሽንም ያጋልጣል። በሽታው ከተገኘ በኋላ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንዳይዘለል። «ልጁ ደህና ነው» ብሎ መርፌውን መተው ልክ እንደዚያ አባት ክኒኑን መተው ነው።

ብርቅ የሆኑት

ዕድሜው ከሠላሳ በታች ሆኖ ግፊቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው በእግሩም ይለካ፤ ዋናው የደም ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት አንድ ላይ በድንገት መጥተው የሚሄዱበት ሰው ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢው ይመርመር።

ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ኢናላፕሪል አትውሰድ፤ ጽንሱን ይጎዳል፤ ግን በራሷ አቁማ ቤቷ አትቀመጥ፤ በዚያው ሳምንት መጥታ ይቀየርላት።

ቁጥሩ 180 እና ከዚያ በላይ ሲሆን

ምንም ሕመም ከሌለ ሁለት ክኒን በአንዴ አትዋጡ፤ በድንገት የወረደ ግፊትም አንጎልን ደም ያሳጣል። አርፋችሁ ድገሙት፤ የዛሬው ክኒን ካመለጣችሁ ውሰዱ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፊት አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከከዳ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ደረትን የሚጨምቅ ሕመም ከላብ ጋር ከመጣ ግን የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ደውሉ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። አንደበቱ ለተኮላተፈ ሰው ውኃም ሆነ ክኒን በአፉ አትስጡ፤ ትን ይለዋል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጉልበቱንም የጉንፋኑንም፣ ከውጭ የተላከውንም፣ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ አምጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ እናየዋለን።