ኤአይ አስጠኚ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት እንዲህ ፈትኑት

አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ለቤት ሂሳብ አስጠናለሁ፣ ዘንድሮ ወላጅ ሁሉ ሚጠይቀኝ «ቻትጂፒቲ ነው ጀሚናይ ሚሻለው?» ነው። ስሙን ተዉትና ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ፈትኑት፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

መጀመሪያ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። «ኤክስ ሲደመር 3፣ በቅንፍ፣ ስኩዌር ሲደረግ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9 ነው አይደል?» በሉት። ወዲያው ሙሉ መልሱን ከዘረገፈ እሱ አስጠኚ ሳይሆን አስኮራጅ ነው። «እስቲ በኤክስ ቦታ 1 አስገባና ሁለቱንም አስላ» ካለ ግን ጎበዝ ነው፣ አንዱ 16 ሌላው 10 ሲመጣ ልጁ ራሱ ይባንናል፣ 6 ኤክስ የት እንደጠፋችበት መፈለግ ይጀምራል።

እሱ ካረማችሁ በኋላ ደግሞ ድርቅ በሉ፣ «ኧረ ቲቸር ነው እንደዚህ ያለን» ምናምን። «ይቅርታ ልክ ነህ» ብሎ ከተገለበጠ በቃ አጥፉት። ሰው የወደደውን መልስ እያዩ ስለሚያሰለጥኗቸው እሺ ማለት ይቀናቸዋል፣ ለልጅ ደግሞ ከዚህ የባሰ አስተማሪ የለም።

አማርኛውንም እዩት። አድዋ መቼ ነው በሉት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው ማለት ያለበት፣ 1896 ብሎ የፈረንጅ መሆኑን ካልነገረው ልጁ እንዳለ ፈተና ላይ ይገለብጠዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሞመንተምን ሞመንተም ብሎ ሃሳቡን ባማርኛ ሚያስረዳ ይሻላል፣ አንዳንዱ ማንም ሰምቶት ማያውቅ ቃል ይፈጥራል እኮ 😂

የልጁን ሙሉ ስም፣ የፋይዳ ቁጥር ምናምን እንዳታስገቡ።

ዋናው ፈተና ግን ስልኩ ከልጁ ሲወሰድ ነው። አንዱ ተማሪዬ ሆምወርክ 10 ከ10 እያመጣ፣ አብርሆት ላይብረሪ ቁጭ አድርጌው ስልኩን ተቀብዬ ተመሳሳይ 5 ጥያቄ ብሰጠው 1 ሰራ። ቱርክ ውስጥም ወደ 1000 በሚጠጉ የሃይስኩል ተማሪዎች ላይ ተጠንቷል፣ መልስ ዝም ብሎ ሚሰጠውን ጂፒቲ 4 (የቻትጂፒቲ አንዱ ስሪት) የተጠቀሙት ልምምድ ላይ 48% ተሻሉ፣ ሲነጠቁ ግን ጭራሽ ካልተጠቀሙት 17% ዝቅ አሉ፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተደረገው ጋ ይሄ ጉዳት ብዙም አልታየም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሞክሩት፣ በየቅዳሜው 5 ጥያቄ በወረቀት፣ ስልኩ እናንተ ኪስ ውስጥ። ቁጥሩ ካልጨመረ አፑን ቀይሩ።