ዳታቤዙ «ኢን ሪከቨሪ» ብሎ አልከፈት ሲል

መብራት ሄዶ ይመጣል። የሱቁን መረጃ የሚይዘው ፕሮግራም፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ይነሳል፣ ዳታቤዙ ግን ስሙ አጠገብ «ኢን ሪከቨሪ» (በማገገም ላይ) ብሎ አይከፈትም። ካሸሯ መሸጥ አትችልም፣ ሰው ተሰልፏል። የእኔ ስልክ የሚጠራው ያኔ ነው።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ለዚህ ችግር የምጠራው በብዛት ሐምሌ ላይ ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ከዚያ አንዱ የድሮውን መረጃ ላጽዳ ብሎ ሚሊዮን መስመር በአንድ ትእዛዝ ይሰርዛል። ክረምት ነው፣ መብራት እልም ይላል። ዩፒኤሱ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ርካሽ ዩፒኤስ ገዝቶ ባትሪውን ሳይቀይሩ ዓመታት መቆየት ያበሳጨኛል!

ዳታቤዙ ሲነሳ መጀመሪያ ሎጉን፣ ማለትም እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ያነባል። ቀጥሎ ሎጉ ላይ ተመዝግቦ ዳታ ፋይሉ ላይ ያልደረሰውን ለውጥ ይደግማል። በመጨረሻ ሳያልቅ የተቋረጠውን ወደኋላ ይመልሳል። ጊዜ የሚበላው ይሄ ሦስተኛው ነው። ስረዛው በብዙ ኮር ተከፋፍሎ ሮጦ ሊሆን ይችላል፣ ሲመለስ ግን በአንድ ኮር ብቻ ነው፤ ስለዚህ 3 ሰዓት የፈጀ ስረዛ ለመመለስ ከዚያ በላይ ቢወስድ አይግረማችሁ።

ጠባሴ አካባቢ አንድ የጅምላ መደብር ጠዋት በዚያ ብርድ ደረስኩ። ኤረር ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሚሠራውን የሚጽፍበትን የጽሑፍ ፋይል፣ ስከፍት «ፌዝ 3 ኦፍ 3፣ 41 ፐርሰንት» ይላል፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ያለው መስመር እንደገና ፌዝ 1 ነው። ልጁ ተጨንቆ ሪስታርት አድርጎታል፣ ያን ሁሉ ሎግ ከመጀመሪያው ሊያነብ። እንደዚያ ያደረገው ሁለት ጊዜ ነው። እጁን ከማጥፊያው አንስቼ ቁጭ አልን፣ ሻይ አስመጣን፣ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ስለዚህ ሪስታርት አታድርጉ። ኤረር ሎጉ ላይ ፐርሰንቱንና የቀረውን ሰከንድ እዩ፣ መጀመሪያ ላይ ሰከንዱ ይዋዥቃልና አትደንግጡ። ቁጥሩ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ እየሠራ ነው።

የኤልዲኤፍ ፋይሉን፣ ያንኑ የለውጥ ሎግ፣ በፍጹም አታጥፉ። በፍጹም! ሸዋ ሮቢት አንዱ «ሎግ ብቻ ነው» ብሎ አጠፋው። ዳታቤዙ ጭራሽ አልነሳም። የነበረው ባካፕ የግንቦት ነበር፣ የቀረውን ሠራተኞቹ ከደረሰኝ ላይ በእጅ እየለቀሙ መዘገቡት።

ፌዝ 1 ላይ ከቆየ ሎጉ በትንሽ በትንሹ አድጎ ሺህ ቦታ ተቆራርሶ ሊሆን ይችላል፤ ከተከፈተ በኋላ አሳንሳችሁ በትልቅ መጠን መልሳችሁ አሳድጉት።

ለሚቀጥለው ሐምሌ ስረዛውን 4000፣ 4000 መስመር እየከፈላችሁ፣ እያንዳንዱን ለብቻው እያጸደቃችሁ (ኮሚት እያደረጋችሁ) ሥሩ። ከ5000 አካባቢ ሲያልፍ ሙሉ ቴብሉን ሊቆልፍ ስለሚችል ነው ከዚያ በታች የምለው። መብራት ቢሄድ የሚመለሰው ያቺ የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ናት። «ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019» የሚባለው ወይም ከእሱ በኋላ የወጣ ካላችሁ ደግሞ «አክሰለሬትድ ዳታቤዝ ሪከቨሪ» የሚባለውን አብሩት፣ በራሱ በርቶ አይመጣም። የድሮውን መስመር እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ መመለሱ በአፍታ ያልቃል፣ ዲስክ ግን ይፈልጋል። ሲበራ ዳታቤዙ ላይ ሌላ ሰው መኖር የለበትም፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አድርጉት።