አይጡን ያዳነው ብርዱ እንዳይሆን፦ በስትሮክ ሙከራ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በቀደም፣ አይጦች ላይ ስትሮክ ፈጥረን መድኃኒት በምንሞክርበት ቤተ ሙከራ፣ አንድ አዲስ ልጅ እየሮጠ መጣ። «ሠራ! መድኃኒቱ ሠራ!» የአይጦቹን አንጎል ቁራጮች ዘረጋልኝ። ቲቲሲ የሚባለው ማቅለሚያ በሕይወት ያለውን ክፍል ቀይ ያደርገዋል፤ የሞተው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እውነትም መድኃኒቱን ያገኙት አይጦች ላይ ነጩ ትንሽ ነው። «ሙቀታቸው ስንት ነበር?» አልኩት። ዝም።

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ማደንዘዣ የወሰደ አይጥ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፤ ማሞቂያ ላይ ካላስተኛችሁት ከ37 ዲግሪ ቁልቁል ይወርዳል። የቀዘቀዘ አንጎል ደግሞ ደም ሲቋረጥበት የተሻለ ይቋቋማል። መድኃኒቱ ራሱ አይጡን የሚያፈዝና የሚያቀዘቅዝ ከሆነስ? በቃ፣ ያዳነው ብርዱ ነው። ኤምኬ-801 የሚባለው መድኃኒት ስንቱን አስጨፍሮ ነበር! በ1990 የወጣ ጥናት ግን ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም ለጊዜው በተቋረጠባቸው ጀርቢሎች ላይ (አይጥ መሰል ትንንሽ እንስሳት ናቸው) ሲያጣራው፣ ሙቀታቸው እንዳይወርድ ሲደረግ የመድኃኒቱ ጥቅም ጠፋ። ስለዚህ ለኩ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይጡ ከነቃ በኋላም ለሰዓታት ለኩ። ማሞቂያውንም እሳት አታድርጉት፤ ትኩሳት ጉዳቱን ያብሳል።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ጠዋት መድኃኒት የማያገኙትን፣ ከሰዓት የሚያገኙትን እሠራ ነበር። ስትሮኩን የምንፈጥረው ደም ሥሩን በክር ዘግተን ነው፤ ክሩን በአንገት ደም ሥር አስገብቶ እስከ አንጎል ማድረስ እጅ ይፈልጋል፤ የእኔ እጅ የሚፍታታው ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው። የለካሁት መድኃኒቱን ሳይሆን የራሴን እጅ ነበር። የሦስት ወር ሥራ ገደል ገባ። የትኛው አይጥ መድኃኒቱን እንደሚያገኝ ዕጣ አውጡ! ነጩን የሚለካው ሰውም የትኛው አይጥ ምን እንደወሰደ አይወቅ። «እኔ አላዳላም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይበልጥ እጠራጠራለሁ። ኤንኤክስዋይ-059 የሚባለው የስትሮክ መድኃኒት በ2006 በወጣው ትልቅ የሰው ሙከራ ተስፋ ሰጥቶ በ2007 ከ3,000 በላይ ሕመምተኞች በተሳተፉበት ሁለተኛው ሙከራ ወደቀ። በኋላ የእንስሳት ጥናቶቹ ሲመረመሩ፣ ዕጣ በወጣባቸውና ለኪው ባላወቀባቸው ጥናቶች የታየው ጥቅም ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ክሩ ብዙ ከገባ ደም ሥሩን ይበሳል፣ ካነሰ ደግሞ አይዘጋም። በሌዘር ዶፕለር የደሙን ፍሰት እያያችሁ ሥሩ። የትኛውን አይጥ ከጥናቱ እንደምታወጡም አንጎሉን ከመክፈታችሁ በፊት ጻፉት፤ ከከፈታችሁ በኋላማ የማይመቻችሁ ሁሉ «ቀዶ ሕክምናው ተበላሽቶበት» ይሆናል።

ያበጠ አንጎል ሰፍቶ ይታያል። እብጠቱን ከልኬቱ ላይ ሳትቀንሱ የሞተውን ክፍል መጠን አትጻፉ።

ሰዓቱስ? መድኃኒቱን ደም ሥሩ ከመዘጋቱ 10 ደቂቃ በፊት የሚሰጡ አሉ። ስትሮክ ቀጠሮ ይዞ ይመጣል እንዴ? የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ እንኳ በተለምዶ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ሕመምተኛ ያም አልፎበት ነው ሆስፒታል የሚደርሰው። ከዚያ ደግሞ ጤነኛ ጎረምሳ አይጥ ላይ ሞክረው፣ ግፊትና ስኳር ላለባቸው የ70 ዓመት አዛውንት ይሠራል ይሉናል።

ምግቡን በውኃ አርሱላቸው። በስትሮኩ ማግስት ደረቅ እንክብል ማኘክ ያቅታቸዋል፣ በረሃብ የሞተውን በስትሮክ ሞተ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ።

ልጁ ሙከራውን ደገመው፣ ሁሉንም አይጦች 37 ላይ አቆይቶ። ልዩነቱ ጠፋ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን መጣና የሙቀት መለኪያውን ገመድ አንዱ አይጥ ሲነቃ እንደቆረጠጠበት ነገረኝ፤ ሌላ ይገዛልኝ አለ።