የመጀመሪያውን የሕፃን ጋሪ ስትገዙ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጅ ሊወለድ ሲል ከሚገዙ ዕቃዎች መካከል እንደ ጋሪ ግራ የሚያጋባ የለም። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሻጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቀለሙና ስለ ኩባያ ማስቀመጫው ነው። «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁለት ጥያቄ እመልስለታለሁ። ልጁ ስንት ወሩ ነው? ጋሪውን ይዞ ደረጃ የሚወጣውስ ማን ነው? የእነዚህ መልስ ከታወቀ ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት አብዛኞቹ ወዲያው ከምርጫ ይወጣሉ።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች እኩል አይከብዱም። አንዳንዶቹ ገንዘብ ያባክናሉ፣ አንዳንዶቹ ወገብ ያሳምማሉ። የመጀመሪያው ግን የልጁን ትንፋሽ ስለሚነካ ረዘም አድርጌ ጽፌበታለሁ።

ጨቅላውን ቁጭ በሚያደርግ ጋሪ መያዝ

አዲስ የተወለደ ልጅ አንገቱ አልጸናም። ጭንቅላቱ ከሌላው ሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። ቀና ያለ ወንበር ላይ ስታስቀምጡት ጭንቅላቱ ወደፊት ያዘነብልና አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። የአየር ቧንቧው ጠባብና ለስላሳ ስለሆነ እንዲህ ሲታጠፍ አየር እንደልብ አያልፍም። ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ልጁ አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም። ላየው ሰው እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የምትጠቀሙበት ጋሪ ልጁን ለጥ አድርጎ በጀርባው የሚያስተኛ መሆን አለበት። አብዛኞቹ ሕፃናት አንገታቸውን በደንብ መቆጣጠር የሚችሉት በአራት ወር ገደማ ነው። ያለ ድጋፍ መቀመጥ የሚጀምሩት ደግሞ በስድስት ወር አካባቢ ነው። ቀና የሚያደርግ ወንበር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለጥ የሚያደርግ ጋሪ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው በጋሪው ፍሬም ላይ የሚገጠም ትንሽ አልጋ ያለው ነው። ወለሉ ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ ነው። ለጨቅላ ከዚህ የሚመች አላውቅም። ችግሩ ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ ልጁ በእጁ ተደግፎ መነሳት ሲጀምር መውደቅ ስለሚመጣ አልጋው ይነሳና በምትኩ ወንበር ይገጠማል። ሁለተኛው ወንበሩ ራሱ ወደኋላ የሚዘረጋው ዓይነት ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፤ ነገር ግን «ይዘረጋል» ሲሏችሁ ብቻ አትመኑ። ሱቁ ውስጥ እስከ መጨረሻው ዘርጉትና ከጎን ቆማችሁ ተመልከቱት። ብዙዎቹ ግማሽ መንገድ ሄደው ይቆማሉ። ከፋብሪካው የመጣውን የአጠቃቀም ወረቀትም አንብቡ። «ከ6 ወር ጀምሮ» የሚል ከሆነ ነገሩ አልቋል። በትራስና በብርድ ልብስ እየደገፉ ለጨቅላ ማስተካከል አይቻልም፤ ልጁ ፊቱን የሚቀብርበት ሌላ አደጋ መጨመር ነው የሚሆነው።

ከመኪና ወንበር ጋር አንድ ላይ የሚሸጡት ጋሪዎች እዚህ ላይ መነሳት አለባቸው። ወንበሩን ከመኪናው ነቅሎ ጋሪው ላይ መግጠም በጣም ይመቻል፤ ልጁም ከእንቅልፉ አይነቃም። ይሁን እንጂ የመኪና ወንበር የተሠራው ግጭት ቢመጣ ልጁን እንዲያተርፍ ነው። ልጁ ሙሉ ከሰዓቱን እንዲተኛበት አልተሠራም። የሕፃናት ደህንነት ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ ልጅን እንዳናቆይበት ይመክራሉ፤ ለጨቅላ ደግሞ ከዚያም በጣም እንዲያጥር። ከመኪና እስከ በር ለሚያደርስ አጭር መንገድ ጥሩ ነው። ስትደርሱ ልጁን አውጡትና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኙት። ልጃችሁ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ስለ አቀማመጡ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ምንም አትግዙ።

ሳያነሱ መግዛት

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው ጋሪ ይገፋል፤ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ለስላሳ ወለል ላይ ሲገፉት ሁሉም ጋሪ ቀላል ነው። እውነቱ የሚወጣው ደረጃ ላይ ነው። ቀለል ያሉት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናሉ። አልጋውም ወንበሩም ያላቸው ትልልቆቹ ከ12 ኪሎ በላይ ሊደርሱ ይችላሉ። ልጁን፣ የልጁን ቦርሳና የገዛችሁትን ዕቃ ጨምሩበት። ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ የምትኖር፣ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ይህን እንድትሸከም መጠበቅ ግፍ ነው። ጋሪውን አዘውትሮ የሚያነሳው ሰው ራሱ ሱቅ ይሂድና በሁለት እጁ አንስቶ ይሞክረው። ልጅ ጠባቂዋ ወይም አያትየው ከሆኑ እነሱ ይሂዱ።

የጋሪ ክብደት ታሪክ አለው። ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ሥራ ላይ ተሳትፎ ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. ያንን የቀላል ብረት ዕውቀት ወደ ጋሪ አመጣውና ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ 3 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋሪ ነደፈ። ዛሬ በየቦታው የምናያቸው ቀጫጭን ጋሪዎች የዚያ ልጆች ናቸው። እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ለጉዞ የሚያህላቸው የለም። ግን አብዛኞቹ ለጥ ስለማይሉ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አይሆኑም። ብዙ ቤተሰብ ቀላልነታቸውን ብቻ አይቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አስተጣጠፉን ሻጩ ሲያሳይ ብቻ ማየት

ሻጭ በአንድ እጁ፣ በአንድ ትንፋሽ ያጥፈዋል። በቀን ደጋግሞ ስለሚያጥፈው ነው። ራሳችሁ አጥፋችሁ ዘርጉት። አንድ እጃችሁ ልጅ እንደያዘ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ የምትኖሩበት ሕይወት እሱ ነውና። ሲታጠፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝም ለኩ። ከመኪናችሁ የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ከቤታችሁ በርና ከሊፍቱ ጋር አመሳክሩ። መኪና ካላችሁ ጋሪውን ወደ መኪናው ወስዶ ለማስገባት ሻጩን ፈቃድ ጠይቁ፤ ደህና ሻጭ አይከለክልም።

መታጠፊያው ለጣትም አደገኛ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ኦወን ማክላረን የመሠረተውና በስሙ የሚጠራው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎቹን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ጋሪው ሲዘረጋ መታጠፊያው የሕፃናትን የጣት ጫፍ መቁረጡ ነበር። ዛሬ መታጠፊያው በሽፋን የተከለለ ጋሪ ማግኘት ቀላል ነው፤ እሱን ምረጡ። ጋሪ ስትዘረጉና ስታጥፉ ደግሞ ልጁ ከአጠገባችሁ ራቅ ይበል። ከዘረጋችሁ በኋላ መቆለፊያው «ቀጭ» ማለቱን ሳትሰሙ ልጁን አታስቀምጡ።

ፍሬንና ቀበቶን እንደ ተራ ነገር ማለፍ

ጥሩ ፍሬን አንድ ጊዜ ሲረገጥ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ይይዛል። ሱቁ ውስጥ ይዛችሁ ግፉት፤ ቁልቁለት ካለም እዚያ ላይ ሞክሩት። ፍሬኑን በክፍት ጫማ መርገጥና ማላቀቅም ቀላል መሆን አለበት፤ የሚያስቸግር ፍሬን ሰው እየሰነፈ ይተወዋል። ጋሪውን ባቆማችሁ ቁጥር፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ፍሬን ያዙ።

ቀበቶው ባለ አምስት ማሰሪያ ይሁን፦ ሁለት በትከሻ፣ ሁለት በዳሌ፣ አንድ በእግሮቹ መካከል። በእግሩ መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ከሌለ ልጁ ወደታች እየተንሸራተተ አንገቱ ሊያዝ ይችላል። ዘለበቱ ለእናንተ ቀላል፣ ለትንሽ ጣት ግን ከባድ መሆን አለበት። ፀሐይ ላይ የቆመ ጋሪ ብረቱ ይግላል፤ ልጁን ከማሰራችሁ በፊት በእጃችሁ ንኩት።

የደህንነት ደረጃውንም ተመልከቱ። የአውሮፓው ኢኤን 1888 ነው፤ የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ 833 ይባላል። መለያው ላይ አንዱን ካላገኛችሁ ሻጩን ጠይቁ። አጥጋቢ መልስ ከሌለው ሌላ ጋሪ እዩ።

ለምትሄዱበት መንገድ የማይሆን ጎማ

ትንንሽ ፕላስቲክ ጎማዎች አስፋልትና የሱቅ ወለል ላይ ይበራሉ፤ ኮረኮንች ላይ ግን ይጣበቃሉ፣ ልጁንም ያናውጣሉ። መንገዳችሁ ጉድጓድ የሚበዛው ከሆነ ትልልቅ ጎማና ሞላ ያለው ያስፈልጋችኋል። በአየር የሚነፋ ጎማ በጣም ይመቻል፤ ሆኖም ይተነፍሳል። ውስጡ በስፖንጅ የተሞላው ምቾቱ ትንሽ ቢያንስም አይተነፍስም። የፊት ጎማው የሚዞር ሆኖ፣ መንገዱ ሲከፋ ቀጥ ብሎ እንዲቆለፍ ቢሆን መልካም ነው።

ባለ ሦስት ጎማ ሁሉ ለሩጫ አይደለም። ለሩጫ የተሠራ ጋሪ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ የሚቆለፍ ነው፤ በገፊው አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድም አለው። ልጁም ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሞላው አብሮ አይሮጥም።

ፌስታሉን እጀታው ላይ ማንጠልጠል

ይህ ከገዙ በኋላ የሚመጣ ስህተት ይመስላል፤ ግን የሚጀምረው ሲገዙ ነው። ከሥር ያለው ቅርጫት ትንሽ ከሆነ ወይም ወንበሩ ሲዘረጋ እጅ የማያስገባ ከሆነ ዕቃው ሁሉ እጀታ ላይ ይንጠለጠላል። ጋሪው ደግሞ ሚዛኑን ስቶ ከነልጁ ወደኋላ ይገለበጣል፤ በተለይ ቀላል ጋሪ። ወንበሩን ዘርግታችሁ የዳይፐር ቦርሳችሁን ቅርጫቱ ውስጥ ክተቱት። ካልገባ ያ ጋሪ ይቅርባችሁ።

ትንሽ ጥላ ያለው ጋሪ ገዝቶ በነጠላ መሸፈን

የጋሪው ጥላ አጭር ሲሆን ወላጅ ለልጁ አዝኖ ጨርቅ ይጥልበታል። ስስ ጨርቅ እንኳ አየሩን ያግዳል፤ ውስጡ በፍጥነት ይሞቃል፣ ልጁም አይታይም። ሕፃን ሙቀቱን እንደ እኛ ማስተካከል አይችልም። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የሚወርድ ሰፊ ጥላና የመረብ መስኮት ያለውን ምረጡ። የዝናብ ላስቲኩም ዝናቡ እንዳባራ ወይም ቤት እንደገባችሁ ይነሳ።

ፊቱ ወዴት እንደሚዞር አለመጠየቅ

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ልጁ ወደ እናንተ ቢዞር እመርጣለሁ። ቀለሙ ሲለወጥ፣ ሲያስመልሰው፣ ፊቱን ጨርቅ ሲሸፍነው ታያላችሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ ልጃቸው ፊት ለፊታቸው የሆነ ወላጆች ከልጁ ጋር ይበልጥ እንደሚያወሩ አሳይቷል። ከፍ ሲል ዓለምን ማየት ይፈልጋል፤ ወንበሩ ወደ ሁለቱም የሚዞር ከሆነ ያኔ ታዞሩለታላችሁ።

ያገለገለ ጋሪ ሳይመረምሩ መቀበል

ያገለገለ መግዛት ወይም ከዘመድ መቀበል ምንም ነውር የለውም። ጥሩ ጋሪ ከአንድ ልጅ በላይ ያሳድጋል። ብቻ ከውጭ በኩል ንጹሕ መሆኑን አይታችሁ አትርኩ። ፍሬሙ ላይ ስንጥቅ፣ የላላ ብሎን፣ የተተለተለ ቀበቶ ፈልጉ። ፍሬኑን ደጋግማችሁ ሞክሩ። መለያው ላይ ያለውን የሞዴል ስምና ቁጥር ይዛችሁ ኩባንያው ለጥገና ወይም ለመሰብሰብ የጠራው መሆን አለመሆኑን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ሻጩ ጋሪውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የነበረውን የመኪና ወንበርም ሊሰጣችሁ ይፈልግ ይሆናል። የመኪና ወንበሩ ግጭት አይቶ እንደሆነ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ እሱን ተዉለትና ጋሪውን ብቻ ውሰዱ።