ማርቼዲስና ቢኤም ሂት ሲያደርግ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ዘይት መለካትን፣ የጎማ ንፋስ ማየትንና ፊልትሮ መቀየርን እንደምታውቁት ቆጥሬ እዘለዋለሁ። ይህን የምጽፈው ማርቼዲስ፣ ቢኤም፣ አውዲ ወይም ሬንጅ ሮቨር ይዛችሁ አንዱን ችግር ከጋራዥ ጋራዥ አዙራችሁ መላ ላጣችሁ ነው። ረጅሙን ቦታ የሚወስደው የማቀዝቀዣው ጉዳይ ነው። ተጎትቶ የሚመጣልን የአውሮፓ መኪና በአብዛኛው ሞተሩን ያጣው በዚሁ ነው፤ የሚያናድደው ደግሞ ገና ሲጀምር በትንሽ ወጪ ሊቆም ይችል የነበረ መሆኑ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለውን አቃጥሎ በሌላ እለውጣለሁ ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሊትር ትጨምራላችሁ። ከመኪናው ስር ደረቅ ነው። መብራት ይዟችሁ ስትቆሙ ቬንትሌተሩ እንደሚነሳ አውሮፕላን ይጮኻል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ስትወርዱ ከኮፈኑ ስር ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። ከእነዚህ ሁለቱን ካያችሁ ሌላ ነገር ከመፈታቱ በፊት የሚታየው የውሃ መያዣው ክዳንና ሪዘርቨር የምንለው የፕላስቲክ መያዣው ራሱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም። ኤን52 የሚባለው የቢኤም ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ቀስ ብሎ ሲነዳ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ እስከ 112 ዲግሪ እንዲሞቅ ያደርገዋል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ያለውን ውሃ ከመፍላት የሚይዘው በዋናነት ግፊት ነው። ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ያ ማንም የማይቆጥረው ክዳን ነው።

ክዳኑ ላይ 140 ተብሎ ከተጻፈ ከውጭው አየር በላይ 1.4 ባር ይይዛል ማለት ነው፤ 200 ከሆነ 2 ባር። በ1.4 ባር ንጹህ ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ከ120 ዲግሪ ካላለፈ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊቱ ካመለጠ ግን ያው ውሃ 92 ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ሞተሩ ላይ አንድም የተበላሸ ነገር ሳይኖር መኪናው ሂት ያደርጋል። ከዚያ ራዲያተር ይታጠባል፣ ፓምፕ ይቀየራል፣ ቬንትሌተሩ ከቁልፉ ጋር በቀጥታ ይታሰራል። ክዳኑን የሚነካው የለም።

ስንጥቅ የሚገኘው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። የመያዣው የላይኛውና የታችኛው ግማሽ የተጋጠሙበትን መስመር ዙሪያውን በጣት ዳብሱት፤ ከስር ያለውንም፣ የማይታየውን። ነጭ ወይም ሰማያዊ የደረቀ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ እዚያ ጋ እየተፋ ነው። መሬት ላይ ጠብታ ያላያችሁት ውሃው የጋለ ሞተር ላይ አርፎ እየተነነ ስለሆነ ነው። ዱቄት ካልተገኘ በእጅ የሚነፋ የግፊት መለኪያ አምጥታችሁ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው መጠን ንፉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። መርፌው ከወረደ መያዣውን ብቻ ሳይሆን የማኒኮታዎቹን (የውሃ ጎማዎቹን) ጫፍ፣ የፕላስቲክ ማያያዣዎቹንና ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ በመብራት እዩ።

መፍትሄው መያዣውን ከነክዳኑ መቀየር ነው። ፕላስቲኩ በሙቀት አርጅቶ ከተሰነጠቀ ጎረቤቶቹ የላይኛው ማኒኮታና ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን በር የሚከፍተው ቴርሞስታት ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ አቅም ካለ አብረው ይቀየሩ። ስንጥቁን በሱፐር ግሉ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የማሸጊያ ዱቄት ውሃው ውስጥ የሚጨምርም እንደዚያው፤ ያ ዱቄት ቀዳዳውን ሳይደፍን የሂተሩን ቀጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ዕቃ ስትገዙ በመልክ አትግዙ። የ17 አሃዙን የሻንሲ ቁጥር ስጡና በዕቃ ቁጥሩ አስፈልጉ፤ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ፎቶ ሳይሆን ቁጥር ላኩለት። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ የመኪናው አርማ ተፍቆ የጠፋበት ዕቃ ሲያይ ፎርጅድ ነው ብሎ ይመልሳል። ለፋብሪካው የሚያቀርበው ድርጅት ያንኑ ዕቃ በራሱ ስም ሲሸጥ አርማውን ፍቆ ነው የሚያወጣው፤ ዕቃው ያው ነው። ልትጠረጥሩ የሚገባው አርማው አምሮ የተለጠፈበትን፣ ዋጋው ግን ግማሽ የሆነውን ነው።

“እኛ አገር በረዶ የለም፣ ውሃ ይበቃዋል”

ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። ኩላንት በብርድ አገር እንዳይረጋ ብቻ የተሠራ አይደለም። አሉሚኒየሙ እንዳይበላ ይከላከላል፣ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የፓምፑን ማሸጊያ ያለሰልሳል። የቧንቧ ውሃ ብቻ የተጨመረበትን ሞተር ስንፈታ ቡናማ ጭቃ ይወጣል፤ የፓምፑ ምላስ ተበልቶ፣ የቴስታታው የውሃ መተላለፊያ ተቦርቡሮ ይገኛል። የተበላ አሉሚኒየም አይመለስም።

ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ጨምሩ። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ አሲዱ እንዳልሆነ ግን ጠርሙሱን አንብቡ። ቀለም መለያ አይደለም፤ ሰማያዊም አረንጓዴም ሮዝም የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የመኪናችሁ ፋብሪካ የፈቀደበት ቁጥር መኖሩን ፈልጉ፤ ለምሳሌ ለብዙ ማርቼዲሶች 325.0። ሁለት ዓይነት አትደባልቁ።

ቴርሞስታቱ ወልቋል

ነዳጅ ይበላል። ቦሌ ደርሳችሁ እንኳ ሞተሩ አልሞቀም። ካምቢዮው ማርሽ ለመቀየር ይዘገያል። ቼክ ኢንጅን በርቷል፣ ሲጠፋ ተመልሶ ይበራል።

አንድ ትልቅ ሰው ማርቼዲስ ይዘው መጡ። የቴርሞስታቱን ማቀፊያ ስንከፍት ባዶ ነው።

“ጋሼ፣ ቴርሞስታቱስ?”

“ለአዲስ አበባ አየር አያስፈልግም ብለው አወጡልኝ። እንዲያውም ለበረሃ ነው የሚጠቅመው አሉኝ።”

ለበረሃም ለደጋም ነው። ሞተሩ ካልሞቀ ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሳ ቆጥሮ ቤንዚን ይጨምርለታል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ሰው የማያውቀው ደግሞ ቴርሞስታት ማውለቅ በብዙ ሞተሮች ላይ ሙቀትን ሊያብስ እንደሚችል ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር እየከፈተ፣ ውሃውን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያዞረውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ግማሹ ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል። ዳገት ላይ ውጤቱ ይታያል። መፍትሄው አንድ ነው፤ ትክክለኛውን አምጥቶ መመለስ።

ሁሉም ተቀይሮም ይሞቃል

አየር ይዟል። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለው ቢኤም ክዳኑን ከፍቶ ሞተር በማስነሳት አየሩን አይተፋም። በኤን52 እንዲህ ይሠራል፦ ባትሪው ላይ ቻርጀር ሰክታችሁ፣ ውሃውን ሞልታችሁ ክዳኑን ዝጉ። ቁልፉን ኦን አድርጉ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የሂተሩን ሙቀት መጨረሻ ላይ፣ ነፋሱን ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ለ10 ሰከንድ ያህል ረግጣችሁ ልቀቁ። ፓምፑ ወዲያው ማጉረምረም ይጀምራል፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ 12 ደቂቃ ገደማ ይሠራና ራሱ ያቆማል። ከዚያ የጎደለውን ሙሉ። መሐል ላይ ባትሪው ከደከመ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቻርጀሩ ለዚህ ነው።

ፓምፑ ጭራሽ ድምፅ ካላሰማ ሞቷል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ እንደ ድሮው ውሃ እያንጠባጠበ አያስጠነቅቅም፤ ዛሬ ሠርቶ ነገ ይቆማል። ባለ ተርቦዎቹ ላይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ መሥራቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ባትሪ አትንቀሉ።

ቀይ ቴርሞሜትር በራ

ኤን52 ሞተር ያለው ኢ90 የሚባለውን ቢኤም የያዘ አንድ ደንበኛ ባህር ዳር ሲሄድ ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወረደ። ከድልድዩ በኋላ ወደ ደጀን ሲወጣ መጀመሪያ ቢጫው በራ፣ ኤሲው መቀዝቀዝ አቆመ። ይህ መኪና የውሃ ሙቀት ጌጅ የለውም፤ ያለው መብራት ብቻ ነው። ቀዩ ሲበራ “ደጀን ትንሽ ነው የቀረችው፣ እዚያ ደርሼ አያታለሁ” ብሎ ቀጠለ። ደረሰ፤ ሞተሩ ግን አልደረሰም። ቴስታታው ተጣሞ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ተበጥሷል። ይባስ ብሎ መጀመሪያ የገባበት ጋራዥ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስልጎ በአሮጌዎቹ ብሎኖች መልሶ አሰረው። የኤን52 ብሎክ ውጪው ማግኒዚየም ስለሆነ የሚታሰርባቸው ብሎኖች አሉሚኒየም ናቸው፤ አንዴ ከተፈቱ ተመልሰው አይታሰሩም። ሲጠብቁ ተቆረጡ። የተቆረጠውን ከማግኒዚየም ውስጥ ማውጣት ከቴስታታው ሥራ በላይ ፈጀ።

ቀይ ሲበራ ቦታ ፈልጋችሁ ወዲያው ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን አትክፈቱ፤ ፊትና እጅ የሚልጠው እንፋሎት ነው። ማሰሮ ውሃ ይዞ የሚሮጥ መንገደኛ ከመጣ አመስግኑትና አስቁሙት፤ በጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀዝቅዝ። ከዚያም አስጎትቱ። የጉተታ ዋጋ ተወደደ ብሎ የነዳ ሁሉ የከፈለው የሞተር ዋጋ ነው።

ጋርኒሲዮኑ መበጠሱን ለማረጋገጥ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። አድሮ በቀዘቀዘ ሞተር የላይኛው ማኒኮታ ደንድኖ ከተገኘ፣ ክዳኑም ሲከፈት ፍስስ ካለ ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ከመያዣው አፍ ላይ የሚደረገው ሰማያዊ ፈሳሽ ነው፤ በቤንዚን ሞተር የጭስ ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል።

የተቀሩት፣ ባጭሩ

ከላቫጆ ስትወጡ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፦ ኮፈን ተከፍቶ በግፊት ታጥቧል፤ ውሃው ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቦቢናዎቹ ይነሱ፣ ጉድጓዱ በአየር ይድረቅ። ሞተር በግፊት አታሳጥቡ።

ክረምት ላይ የተሳፋሪው ምንጣፍ ይረጥባል፣ መኪናው የሌለ ስህተት ሁሉ ያሳያል፦ ከፊት መስታወቱ ስር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኗል። በብዙ አውዲዎች ከምንጣፉ ስር ኮምፒውተር አለ። ሰኔ ሳይገባ አስጠርጉ።

አዲስ ባትሪ ገብቶም ጠዋት መብራቱ ሁሉ ይበራል፦ ኤጂኤም በሚባለው የባትሪ ዓይነት ፋንታ ተራ ባትሪ ተገጥሟል፣ ወይም በቢኤሙ ኮምፒውተር ላይ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበ ባትሪ እንደ አሮጌው እየተሞላ ቶሎ ይሞታል።

ካምቢዮ ሲቀይር ይገፋል፦ “ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው” ተብላችኋል። የብዙ ቢኤሞችን ካምቢዮ የሚሠራው ዜድኤፍ የሚባለው ፋብሪካ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። የዜድኤፍ ዘይት ልኬት ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሳለ ነው የሚታየው። ለካምቢዮው የተፈቀደውን ዘይት ብቻ አድርጉ፤ “ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው” የሚላችሁን አትስሙ።

አድሮ አንዱ ጎን ይተኛል፦ የአየር ሳስፔንሽኑ ይተነፍሳል። የሳሙና ውሃ ርጩበት፤ አረፋ የሠራበት ቦታ ነው። ኮምፕረሰሩ ከተቃጠለ በኋላ ኮምፕረሰር ብቻ መቀየር የተለመደ ጥፋት ነው፤ የሚተነፍሰው ካልተዘጋ አዲሱም ቀን ከሌሊት ሠርቶ ይቃጠላል። የአየር ሳስፔንሽን ያለው መኪና ስር ማንም በክሪክ ብቻ አይግባ። አየሩ ሳይታሰብ ሊለቅ ይችላል፤ ከስር ጠንካራ መደገፊያ ይደረግ።