«ኦቴምፔራሬ» የሚባለውን የጣልያንኛ ግስ ስንጠቀም የምንሠራቸው ስህተቶች

ጣልያን አገር የሚኖር ሰው ይህን ግስ መጀመሪያ የሚያገኘው ከሰው አፍ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ነው። ለሕግ፣ ለትእዛዝ ወይም ለግዴታ መገዛት፣ የተባለውን መፈጸም ማለት ነው።

«መገዛት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙዎቻችን «ማክበር» ብለን እንይዘውና ስህተቱ ከዚያው ይጀምራል። በአማርኛ ሕግን እናከብራለን፤ ስለዚህ «ኦቴምፔራሬ ላ ሌጄ» እንላለን። ግሱ ግን ቀጥተኛ ተሳቢ አይወስድም፣ «ኣ» የምትለዋን መስተዋድድ ይፈልጋል፦ «ኦቴምፔራሬ ኣላ ሌጄ»። ለሕጉ መገዛት ብላችሁ ብትይዙት «ለ» እና «ኣ» ልክ ለልክ ይገጥማሉ። በተውላጠ ስም ሲተካም «ሎ ኦቴምፔሮ» አይባልም፤ «ቪ ኦቴምፔሮ» ነው።

ተሳቢ እንደሌለው ያወቀ ደግሞ ኃላፊ ጊዜውን እንደ «አንዳሬ» (መሄድ) በ«ኤሴሬ» (መሆን) ሊያረባው ይሞክራል። ረዳት ግሱ ግን «አቬሬ» (መያዝ፣ መኖር) ነው፦ «ኖን ኣ ኦቴምፔራቶ ኣሎብሊጎ»፣ ግዴታውን አልፈጸመም።

አጻጻፉ ላይ «ቲ» ሁለት ነው። «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ እንደሚለያይ የምናውቅ ሰዎች ጆሯችን አይስተውም፤ ፊደላችን መጥበቁን ስለማያሳይ ግን እጃችን አንዷን ይዘላታል። «ኦቴምፔሮ» ስትሉ ድምፁ «ቴም» ላይ ከፍ ይላል። ከፊቱ ያለውን ቆርጣችሁ «ቴምፔራሬ»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጉ ደግሞ፣ ከትርጉሞቹ አንዱ እርሳስ መቅረጽ ነውና ግራ እንዳትጋቡ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የሚከተለው ነው። «ኢን ኦቴምፔራንትሳ ኣላ ሌጄ» በሁለት ቃል ሲጻፍ «በሕጉ መሠረት» ማለት ነው። «ኢኖቴምፔራንትሳ» ተብሎ በአንድ ቃል ሲገጠም ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ትእዛዙን አለመፈጸም ይሆናል። ሲነገሩ ጆሮ አይለያቸውም፤ ወረቀቱ ላይ የሚለያቸው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነው። «ኢን ካዞ ዲ ኢኖቴምፔራንትሳ» የሚል ሐረግ ካያችሁ «ባይፈጸም» ማለቱ ነው፤ ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቅጣት ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ደብዳቤውን በስልክ የሚያነብላችሁ ዘመድ ካለም ቃሉ አንድ ይሁን ሁለት ጠይቁት።

የቀረው ቦታውን አለማወቅ ነው። ቃሉ የሚሄደው ከትእዛዝ፣ ከደንብ፣ ከፍርድ ጋር ነው። እናቱን ለሚታዘዝ ልጅ «ኡቢዲሬ» አለ። የምትንከባከቧቸው አሮጊት መስኮቱን ዝጊልኝ ሲሏችሁ «ኦቴምፔሮ፣ ሲኞራ» ብትሉ ሰዋስው አይጣስም፤ እሳቸው ግን ወይ ይስቃሉ፣ ወይ ያሾፋችሁባቸው ይመስላቸዋል። «ሲ፣ ላ ኪዩዶ ሱቢቶ» (እሺ፣ አሁኑኑ እዘጋዋለሁ) በሏቸውና ዝጉት።